አቀበቱ ላይ የደከመችው መኪና

ሟቹ በጀርባው ተኝቷል። ከወገቡ በላይ መኪናዋ ሥር ነው፤ እግሮቹ አስፋልቱ ላይ ወጥተዋል። የግራው የፊት ጎማ ደረቱ ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁ ግን ወደ ላይ እንደተዘረጋ መኪናዋን በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ጣቶቹ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሶኬት እንደጨበጡ ናቸው።

አቀበቱ ሾፌሮች «እምዬ ድረሽልኝ» የሚሉት ዓይነት ነው። ጣውላ የጫነችው መኪና እኩሌታው ላይ ቆማለች። የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ተብሎ የተደረገ ድንጋይ ተፈንጥሮ ወደ ጎን ወድቋል፤ ድንጋይ ከማለት ጠጠር ማለት ይቀላል።

መርማሪዋ ከፖሊስ መኪና ወርዳ ጉልበቷን እያሸች መጣች። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም።

«ግልጽ ነው» አላት ሳጅኑ ገና ሳትጠይቀው። ለሳጅኑ ግልጽ ያልሆነ ነገር የለም፤ ግልጽ ከሆነ ቶሎ ወደ ቤት ይኬዳል። «መኪናዋ ተበላሸች፣ ወረደ፣ ሥሯ ገባ፣ ተንሸራታ ሄደችበት። አለቀ።»

«ለምን ሥሯ ገባ?»

«ሊጠግን ነዋ!»

«በባዶ እጁ? ቁልፍ የለ፣ ፒንሳ የለ። የመሣሪያ ሳጥኑ ጋቢና ውስጥ እንደተዘጋ ነው። ሞተሩስ ለምን አልጠፋም? ያገኙት ሰዎች ናቸው ያጠፉት ብለኸኛል በስልክ።»

«እ... ረስቶ ይሆናል።»

«ሾፌር ሆዱን ይረሳል እንጂ አቀበት ላይ ሞተር አይረሳም።»

አስከሬኑ ከተነሳና መኪናዋ በወፍራም እንጨት ታኮ ከተደረገላት በኋላ መርማሪዋ ሥሯ ገባች። ሳጅኑ «ኧረ በፈጠረሽ፣ ልብስሽ!» አለ፤ አልሰማችውም። ጭስ ማውጫው ቱቦ፣ መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት፣ ከጋቢናው ጀርባ ያልፋል። በላዩ ላይ ጣት የምታክል ብረት ተሰክታለች፤ የጭሱን ሙቀት የምትለካ ሴንሰር ናት። ከሷ የወጣው ሽቦ ሟቹ ጨብጧት ወደነበረችው ሶኬት ያመራል። ዙሪያው ሁሉ ጥላሸትና ዘይት ነው፣ ጥቁር በጥቁር። ሴንሰሯና ሽቦዋ ብቻ ግራጫ ቅርፊት ለብሰዋል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

«ሲሚንቶ» አለች ለራሷ። «ጣውላ የሚጭን መኪና ሥር ሲሚንቶ ምን ቤቱ ነው?»

ሶኬቷ አጠገብ ሽቦው በጥቁር ናስትሮ፣ በሚጣበቀው የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ተጠቅልሏል። ናስትሮው እብጥ ብሏል፤ ከሥሩም አንዲት ነጭ ክር ጫፏን አውጥታለች። መርማሪዋ አልነካካችውም። ሴንሰሯን ከነሽቦዋ አስፈትታ በወረቀት ጠቀለለቻት።

ይህን ጊዜ ነው አንድ ሰው አቀበቱን እየሮጠ የመጣው። ቱታው በግራሶ የጠቆረ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። አስፋልቱ ላይ ያለውን ደም ሲያይ እዚያው ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ነኝ የገደልኩት! ውሰዱኝ!»

«እንዴት ገደልከው?» አለችው።

«ውሰዱኝ አልኩ!» አለ። ሳጅኑ ካቴናውን እያወጣ «አላልኩሽም? ግልጽ ነው» አለ።

*

ሟቹ ከተቀበረ በኋላ አንዲት ወጣት ሴት የመርማሪዋን ቢሮ በር ሳታንኳኳ ገባች። ፊቷ በልቅሶ አባብጧል፤ ጫማዋ የተለያየ ነው፤ አንዱ የሷ፣ ሌላው የሌላ ሰው።

«እትዬ፣ ሟቹ ወንድሜ ነው» አለች እንደቆመች። «በካቴና ያሰራችሁት ደግሞ ባሌ ነው። ወንድሜን ቀብሬ መጣሁ። ባሌን ከነነፍሱ አትቅበሩብኝ።»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! አባቴ ‹ገዳይ ነው፣ እስር ቤት ይበስብስ› እያለ ነው። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። ባሌ ራሱ ‹እኔ ነኝ› እያለ ነው! እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሲሚንቶዋ ላይ የገባች ድመት ሕይወቷ እንዳያልፍ ብሎ ሥራ የሚያስፈታ ሰው ነው። ከወንድሜ ጋር እኮ በአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እግርሽ ላይ ልውደቅ? እወድቃለሁ። ባሌን ስጪኝ።»

እውነትም ልትወድቅ ጎንበስ ስትል መርማሪዋ ክንዷን ያዘቻት። መርማሪዋ ያልጨረሰችውን ነገር ቃል መግባት አትወድም።

«ሲሚንቶዋ ያልሽው ምንድን ናት?» አለቻት።

«ሁለተኛዋ መኪናችን ናት። መንትዮች ናቸው፤ አንድ ዓይነት። አንዷ ሲሚንቶ ነው የምትጭነው፣ አንዷ ጣውላ። ስማቸውም ከጭነታቸው ነው። ሲሚንቶዋን አጎቴ ነው የሚነዳት፣ ጣውላዋን ወንድሜ። ባሌ ይጠግናል፣ አባቴ ያዛል። ይኸው ነን፤ ሌላ ሰው የለንም።»

«እስኪ እነሱን ልያቸው።»

*

ግቢው ሰፊ ነው፤ ዙሪያው የቆርቆሮ አጥር፣ መሐሉ ዘይት የጠጣ መሬት። ዳር ላይ ጣሪያ ብቻ ያለው መጠገኛ አለ። አባትየው እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጦ የተቀደደ የመኪና ሸራ ይሰፋል። ሐዘን የወደቀበት ሰው እጁን የሚያደርግበት ያጣል፤ እሱ ለእጁ ሥራ ሰጥቶታል። ነጩን ክር በሰም ያሻል፣ በትልቁ መርፌ ያስገባል፣ ይስባል። አንዱን ቅድ ሲጨርስ የክሩን ጫፍ በመጨረሻዎቹ ጥምጥሞች ሥር ቀብሮ በጥርሱ ጠበቅ ያደርገዋል። ቋጠሮ የለም፣ ትርፍ ጫፍ የለም።

«ያምራል» አለች መርማሪዋ።

«ከልጄ መኪና የወረደ ሸራ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እዚህ ግቢ መርፌ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ሲሰፉ ዝናብ ያስገባሉ።» እጁ ቆመ። «ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ? ሰውዬው አምኗል አይደል እንዴ?»

«አምኗል። እንዴት እንደገደለ ግን አይናገርም።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምን ብሎ ይናገር? መኪናዋ ጠዋት ከሱ እጅ ነው የወጣችው። እኔ ለሥራ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ሬሳ ጠበቀኝ። ልጄን ሰጥቼው፣ ቤቴን ሰጥቼው...» መርፌውን ሸራው ላይ ሰካው።

መርማሪዋ ጥጉ ላይ ወደ ቆመችው መኪና አመለከተች። «ሲሚንቶዋ ለምን ቆመች?» አለችው።

«እ? እሷማ ሴንሰሯ ታማ ነው። ዕቃ አዝዣለሁ፣ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካት ብያለሁ።»

«ከየት ነው ያዘዙት?»

«ከታችኛው መንገድ፣ ከመለዋወጫ ሱቁ ነዋ።»

«ሥራ ቆሞ ግን አላስቸኮለዎትም?»

«ምን ይደረጋል፣ ትቁም። ወንድሜም ትንሽ ይረፍ።» ሸራውን ከጭኑ ላይ ገፋው። «ስሚኝ ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ገዳዩን ከፊቴ አቁመሽ፣ ሁሉም እየሰማ ማንነቱን ንገሪኝ። ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም።»

«እነግርዎታለሁ» አለችው።

ሲሚንቶዋ ግቢው ጥግ ቆማለች። ጋቢናዋ ውስጥ ሽበታም ሽማግሌ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የትም ሳይሄድ፣ ተቀምጧል። የእግር ኮቴ ሲሰማ ዞረ።

«ማነህ? ና ወንድሜ፣ ና ቅረብ።»

«ወንድምዎ አይደለሁም፣ መርማሪ ነኝ» አለች።

«ውይ! ይቅርታ የኔ እመቤት፣ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።»

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ በደመና ተሸፍኗል። መርማሪዋ ምንም ሳትል መታወቂያዋን ዘረጋችለት። ሽማግሌው ተቀብሎ፣ ቁልቁል ዘቅዝቆ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ተመለከተና «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰላት።

«የወንድምዎ ልጅ ከመሞቱ በፊት የመጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«የዚያን ጠዋት። ጥሩንባውን ነፍቶልኝ ነው የወጣው። ሁልጊዜ ይነፋልኛል።» መዳፉን ጥሩንባው ላይ አሳረፈ። «እኔ እያለሁ እሱ ይሂድ? እኔ አሮጌው ተቀምጬ? ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው መኪናው ሲቆም ነው ልጄ። መካኒካችን ምንም አላጠፋም። ልቀቁት። የሱ ጥፋት አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ሽማግሌው መሪውን አጥብቆ ያዘ።

ጉልበቷ እያመማት ሲሚንቶዋ ሥር ገባች። ሻንሲው፣ ማርሚታው፣ ሽቦው ሁሉ በሲሚንቶ አቧራ ተለስኗል። አንዲት ሴንሰር ብቻ ጥላሸት ለብሳ፣ ጥቁር ሆና፣ በግራጫው መሐል እንግዳ መስላ ተሰክታለች። መርማሪዋ እዚያው በጀርባዋ እንደተኛች ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ፤ የሚቀጥለው «ለምን» ወዴት እንደሚወስዳት ማየት ጀምራለች፣ ያየችውንም አልወደደችውም።

ከግቢው ወጥታ ወደ ታችኛው መንገድ ወረደች። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«እሱማ የቆየ ደንበኛዬ ነው፣ ልጁን ነፍስ ይማር!» አላት። «ሴንሰር ግን? ማንም አላዘዘኝም። ኧረ ያቻትና መደርደሪያው ላይ! ቢጠይቀኝ ኖሮ በቆመበት እሰጠው ነበር።»

*

መካኒኩን ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል፤ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ስለሚናገር ነው። እስር ክፍሉ ጥግ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ምግቡን አልነካም።

«ሴንሰሮቹን ቀያይረሃቸዋል» አለችው ቁጭ እያለች። «የሲሚንቶዋን ጣውላዋ ላይ፣ የጣውላዋን ሲሚንቶዋ ላይ።»

ጆሮ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እንባው መጣ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም» አለችው። «ከመጀመሪያው አስረዳኝ።»

«ያቺ ሴንሰር» አለ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ፣ «የጭሱን ሙቀት ለመኪናዋ ኮምፒውተር ትነግረዋለች። ኮምፒውተሩ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው። ‹ነደድኩ› ካለችው እንዳይቃጠል ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይቆርጠዋል። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ግን አቀበት አትወጣም። ሲሚንቶዋ እንደዚያ ሆና ነበር። ታዲያ ሌሊት ቆማ ስታድር ማርሚታው ላይ ያሉት ሴንሰሮች ሁሉ አንድ ቁጥር ነው መናገር ያለባቸው፤ የአየሩን። የኮምፒውተሩን ቁጥር የሚያሳየኝን ማንበቢያ ስሰካ ሌሎቹ እንደዚያ ናቸው። እሷ ብቻ ሞተር ሳይነሳ ‹ነደድኩ› ትላለች። ቱቦውን በእጄ ነካሁት፤ በረዶ ነው። ስለዚህ ወይ ሴንሰሯ ናት፣ ወይ የመኪናዋ ሽቦ ነው።»

«እንዴት ትለያለህ?»

«የግቢያችን ሕግ አለ። ከመንትያዋ ጋር ቀያይር። በሽታው ተከትሎ ከሄደ ዕቃው ነው፣ ከቀረ ሽቦው ነው።»

«ማን አስተማረህ?»

«አባባ። የሚስቴ አባት።» ራሱን ነቀነቀ። «ቀያየርኳቸው። ሲሚንቶዋ ዳነች። ግን ጣውላዋም አልታመመችም! በማንበቢያው አየሁት፣ ሁሉም እኩል። ግራ ገባኝ። ሶኬቱ ቆሽሾ ነበር፣ ስነቅልና ስሰካው ጸዳ አልኩ። የሚስቴ ወንድም ደግሞ ‹ረፈደብኝ› እያለ ጥሩንባ ይነፋል። ናስትሮውን ፈትቼ ልይ ብዬ ነበር... ‹ማታ ታየዋለህ› አለኝ።» ድምፁ ወረደ። «ሊወጣ ሲል ‹ከደከመችብህ ሞተሩን ሳታጠፋ ወርደህ ሶኬቱን ነቅነቅ አድርገው፣ ጉልበቷ ሲመለስ ድምፁ ይነግርሃል› አልኩት። በዚህ አፌ! እኔ በድምፅ ስለምሠራ ሰው ሁሉ በድምፅ የሚሠራ መሰለኝ። አቀበት ላይ ይቆማል ብዬ አላሰብኩም። ገደልኩት እኮ!»

«አማትህ ማንም እንዳይነካት ብለው አልነበር? ለምን ነካሃት?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ተብሎ የሚደረግ ነገር የለም።»

ጆሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ፍረዱብኝና ልረፍ» አለ። «ሌላ ሰው አልጨምርም።»

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም መጠገኛው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አባትየው ዱካው ላይ፣ ሽማግሌው ሲሚንቶዋን ተደግፎ፣ የጆሮ ሚስት እጆቿን አጣምራ፣ ጆሮ እጆቹ በካቴና ታስረው። እሷ ባሏን ለመንካት ስትጠጋ አባቷ «ተመለሽ!» ብሎ ጮኸ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ቀረች።

«ገዳዩን እነግርዎታለሁ ብለሽኝ ነው የመጣሁት» አለ አባትየው።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» አለች መርማሪዋ። «ከሥሩ ልጀምር። ሳጅን፣ ካቴናውን ለጊዜው ፍታለት፣ እጁ ያስፈልገኛል። ጆሮ፣ ከጣውላዋ ሥር ያመጣኋትን ሴንሰር እንካ። መልሰህ ሲሚንቶዋ ሶኬት ላይ ሰካት። ሞተሩን አታስነሳ። ማንበቢያውን አምጣ።»

ጆሮ ሰካት፤ ማንበቢያውንም አነሳ።

«ምን ይላል?»

«ሁሉም እኩል ነው። የአየሩን።»

«ጤነኛ ናት ማለት ነው። የዚያን ጠዋትም ያየኸው ይህንን ነው።» ጎንበስ ብላ ሽቦውን ናስትሮው የተጠቀለለበት ላይ በቀስታ አጠፈችው። «አሁንስ?»

ጆሮ ማንበቢያውን ወደ ፊቱ አስጠጋ። «ነደድኩ ትላለች» አለ በሹክሹክታ። «በረዶ ሆና ነደድኩ ትላለች!»

ሽቦውን ለቀቀችው፤ ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። «መጀመሪያ ሽቦው ታጥፎ ነበር፤ ጆሮ ነቅሎ ሲሰካው ተቃና። ግቢ ውስጥ ቀጥ ብላ ስትቆም ጤነኛ ናት። መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ ትታመማለች። እንዲህ ያለ በሽታ ማንንም መካኒክ ያታልላል። ሟቹ አቀበቱ መሐል ጉልበት አጣ። ወረደ፣ ድንጋይ አስቀመጠ፣ እንደተነገረው ሶኬቱን ሊነቀንቅ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። ለዚህ ነው ባዶ እጁን የነበረው። ያ ሁሉ ጣውላ በእጅ ፍሬንና በጠጠር አልያዝ አለ። ጆሮ ክፉ ምክር መክሯል፤ በዚህ ይጠየቅበታል። ሽቦውን ያሳመመው ግን እሱ አይደለም።»

«ማነው ታዲያ?» አለ አባትየው ተነስቶ።

«ይቀመጡ። ጆሮ፣ ናስትሮውን ፍታው።»

ናስትሮው ተላቀቀ። ከሥሩ የሽቦው ልባስ በቁመቱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ስንጥቁ እንዳይከፈት በነጭ ክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ጆሮ አባትየውን ቀና ብሎ ሊያይ ሲል መርማሪዋ በእጇ ከለከለችው። «ክሩን ለኋላ ተወው። ሽቦውን ብቻ አሳየኝ።»

«ተቆርጧል» አለ ጆሮ። «ቀጫጭኖቹ በሙሉ ማለት ይቻላል። በንቅናቄ የተበጠሰ አይደለም፤ ያ ጫፉ የተበላሸ ነው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። ይህ በምላጭ ነው፣ እኩል። ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው የተረፉት።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ወንድሜን ሆን ብሎ የገደለ ሰው አለ?»

«የለም» አለች መርማሪዋ። «ሲሚንቶውን ተመልከች። ይህች ሴንሰር ዕድሜዋን የኖረችው ሲሚንቶዋ ሥር ነው። ሽቦው ሲቆረጥም እዚያው ነበረች፤ ሲሚንቶዋ የታመመችው ከመቀያየሩ በፊት ነውና። የቆረጠው ሰው ጣውላዋን አላሰባትም፣ ሟቹንም አላሰበውም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሚንቶዋ ከግቢ እንዳትወጣ። ለምን?»

ሳጅኑ እንኳ ግልጽ ነው አላለም።

«ሲሚንቶዋ ብትቆም የሚያርፈው ሾፌሯ ነው» ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ድምፅዋ ለሰለሰ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደመና በሸፈነው ቀን ፀሐይ ዓይኔ ገባ አሉኝ። መታወቂያዬን ዘቅዝቀው አነበቡልኝ። እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ በምላጭ መለየት እርስዎ አይችሉም። ግን ጆሮ መኪናዋን እንዲነካ የለመነው ሰው አለ፤ ጆሮ ይሞታል እንጂ ስሙን አይጠራም።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ» አለ። «አለቀስኩበት። ‹ወንድሜ ሳያውቅ አስነሳልኝ፣ ቤት ተቀምጬ ልሞት ነው› አልኩት። ልጄ፣ አንተ ደግሞ ለኔ ብለህ ልትበሰብስ ነበር?»

«ጋሼ፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ ጆሮ።

«እንግዲህ የቀረው የቆረጠው ነው» አለች መርማሪዋ። «ይህ ሰው የጋሼ ዓይን መድከሙን ያውቃል። ጋሼን ይወዳል። ‹ዕቃ አዝዣለሁ› ብሎ ያላዘዘ፣ መኪናው ቆሞ ያልቸኮለ ሰው ነው።» የተፈታችውን ሴንሰር ከነክሩ አንስታ በሁለት እጇ ለአባትየው ዘረጋችለት። «እስኪ ይህን አሠራር ያውቁት እንደሆነ ይዩልኝ።»

አባትየው ተቀበለ። ክሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሰሙ አሁንም አለ። ጫፉ ከመጨረሻዎቹ ጥምጥሞች ሥር ተቀብሮ ነበር፤ የመኪናዋ ንቅናቄ ነው ትንሽ ያወጣው። ሁሉም ፊቱን እያዩት ነው፤ ፊቱ ግን ምንም አልሆነም።

«የኔ ስፌት ነው» አለ።

«አባዬ?» አለች ልጁ።

«ጆሮ... ቀያየርከው?»

«አዎ አባባ።»

«አትንኳት ብዬህ ነበር እኮ። አትንኳት አላልኩህም?»

«ብለውኛል አባባ።»

አባትየው ወደ ወንድሙ ዞረ። አሁን ፊቱ ፈራረሰ። «ጋሼ፣ ሕፃን ልትገጭ ነበር! ግቢው በር ላይ፣ እኔ ነኝ ጎትቼ ያዳንኳት፣ አንተ አላየሃትም እንኳ! ምን ላድርግ? መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አባታችን ሲሞት ያሳደግከኝ አንተ ነህ። በቃህ፣ ውረድ ልበልህ? በምን አፌ? ሴንሰሯ ትመም፣ ትቁም፣ ቀስ በቀስ ራሱ ይተወዋል አልኩ። ክብርህን ጠበቅኩ ብዬ...»

ሽማግሌው ግራ በገባቸው ዓይኖቹ የወንድሙን ድምፅ ፈለገ።

«በዚሁ በተፈጠረልህ አፍ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ። «ቁልፉን አስረክብህ ነበር እኮ። ማየት ካቃተኝ ቆየሁ። ‹በቃኝ› ልልህ አፍሬ፣ አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

አባትየው ዱካው ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ሴንሰሯን ደረቱ ላይ ታቅፏታል። «ልጄ ጥሩንባ ነፍቶ ወጣ?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» አለው ጆሮ።

«ንገሪኝ» አለ ከዚያ ወደ መርማሪዋ ቀና ብሎ። «ቃል ገብተሽልኛል። ሁሉም እየሰማ፣ ማነው ልጄን የገደለው?»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስም መጥራት እንደዚያ ቀን ከብዷት አያውቅም።

«የልጁ አባት» አለች።

ሳጅኑ የጆሮን ካቴና ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። አባትየው ሁለት እጁን ራሱ ዘረጋለት። ሴትዮዋ ባሏን አቀፈችው፤ ነፃ የወጣው እጁ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ግን ዓይኗ ከአባቷ አልተነቀለም።

«እትዬ» አለች መርማሪዋን፣ «ባሌን ስጪኝ አልኩሽ እንጂ አባቴን ውሰጂ አልኩሽ?»

ወይዘሮ ለምን ሴንሰሯ የመጣችበትን ባዶ ወረቀት አጥፋ ኪሷ ከተተች።

አባትየው ሲወጣ ሽማግሌው ከኪሱ የሲሚንቶዋን ቁልፍ አወጣ። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ቀስ እያለ፣ ቁልፎቹ የሚሰቀሉበትን ምስማር ፈልጎ አገኘ። ቁልፉን ሰቀለው።